የአባላዘር ሕሙማንና ኤድስ፦ በመስማትና በማወቅ መካከል

በኢትዮጵያ ኤች አይ ቪ ተቀምጠው በቆዩ የደም ናሙናዎች ውስጥ መገኘቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ በተካሄደው ሰፊ ትምህርት የተነሣ ስለ በሽታው ጨርሶ ያልሰማ ጎልማሳ ማግኘት አዳጋች ቢሆንም፣ የሰማ ሁሉ ያውቃል ማለት አይቻልም። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት «የተሟላ ዕውቀት» የሚለው መላሹ ሁለቱን ዋና የመከላከያ መንገዶች፣ ማለትም ኮንዶምንና አንድ ለአንድ መወሰንን፣ ሲያውቅ፣ ጤነኛ የሚመስል ሰው ቫይረሱ ሊኖርበት እንደሚችል ሲረዳና በአካባቢው የተለመዱ ሁለት የተሳሳቱ እምነቶችን ሲያስተባብል ነው፤ በ2016ቱ ጥናት ይህን መለኪያ ያሟሉት ከሴቶች 20 በመቶ፣ ከወንዶች 38 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ይህ ክፍተት ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበው ለአባላዘር በሽታ ሕክምና የሚመጣውን ሰው በተመለከተ ነው። እንደ ቂጥኝና ከርክር ያሉ በሽታዎች በብልት ላይ የሚያወጡት ቁስል ለቫይረሱ በር ይከፍትለታል፤ ቁስል የማያወጣው ጨብጥም ቢሆን በሚያስከትለው ብግነት ቫይረሱ የሚያጠቃቸውን ሕዋሳት ወደ ቦታው ይስባል። በታንዛንያዋ ምዋንዛ የተካሄደውና በ1995 የታተመው ጥናት የአባላዘር ሕክምና በተሻሻለባቸው መንደሮች አዲስ የኤች አይ ቪ መያዝ 40 በመቶ ገደማ መቀነሱን ሲያሳይ፣ በኡጋንዳዋ ራካይ ለመላው ነዋሪ በየጊዜው መድኃኒት በማደል የተሞከረው ግን ተመሳሳይ ውጤት አላስገኘም። ልዩነቱን ብዙ ተመራማሪዎች ወረርሽኙ ከደረሰበት ደረጃና ከሕክምናው አሰጣጥ ጋር ያያይዙታል።

ሕመምተኛው ግን ጨብጥንና ኤድስን የሚያያቸው በተለያየ ዐይን ነው። ጨብጥ በመርፌ ወይም በክኒን የሚለቅ፣ ወንዶች በጓደኞቻቸው መካከል ሊቀልዱበት የሚደፍሩት ሕመም ሲሆን፣ ኤድስ ለረጅም ጊዜ ስሙ እንኳ ሳይጠራ «የዘመኑ በሽታ» እየተባለ የኖረ ነውር ነው። በፀሐይ የጋለ ድንጋይ ላይ ወይም በጨረቃ ብርሃን መሽናት ጨብጥ ያመጣል የሚለው ነባር እምነትም (ምናልባት ለባልና ሚስት የክብር መሸሸጊያ ስለሆነ ጭምር የቆየ) ሕመሙን ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ይነጥለዋል። ኤች አይ ቪ በትንኝ ንክሻ ይተላለፍ እንደሆነ የሚጠይቅ መጠይቅ ይህን መነጣጠል አያገኘውም፤ ሕመምተኛው ጥያቄዎቹን ሁሉ በትክክል መልሶ፣ ዛሬ የያዘው ጨብጥ ለኤች አይ ቪ ሊጋለጥ የሚችልበት ግንኙነት ማስረጃ መሆኑን ሳያስብ ሊወጣ ይችላል።

አመለካከት ይበልጥ የሚገለጠው ሐኪሙ «የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛህም ትታከም» ሲል ነው። ብዙ ሴቶች ጨብጥ ይዟቸው ምልክት ስለማያዩ በራሳቸው ተነሣሽነት አይመጡም፤ ስለዚህ የሚስት ሕክምና በባል ንግግር ላይ ይወድቃል፣ መናገር ደግሞ መማገጥን ማመን ነው። በክሊኒክ የሚሰበሰብ መረጃም በዚሁ ምክንያት ምልክት ያየውን፣ ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝቶ ያልዳነለትን፣ በአብዛኛውም ወንዱን እንጂ ቤት የቀረችውን አይወክልም።