ብርሃን ከልካይ ፊልም በድርብ መስታወት ላይ

ብርሃን ከልካይ ፊልም በመስኮት መስታወት ላይ የሚለጠፍና የፀሐይን ብርሃን ከሞላ ጎደል የሚያግድ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ድርብ መስታወት ደግሞ ሁለት መስታወቶች በመካከላቸው ደረቅ አየር ወይም አርጎን የተባለውን ጋዝ ይዘው ጠርዛቸው በማሸጊያ የተዘጋበት፣ የሙቀትን መተላለፍ የሚቀንስ የመስኮት ዓይነት ነው። ጥቁር ፊልም ከውስጥ በኩል ሲለጠፍ የፀሐይን ጨረር መጥጦ ወደ ሙቀት ስለሚለውጥና በመካከል ያለው ጋዝ ሙቀቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስለሚገታ፣ የውስጠኛው መስታወት መሃሉ ሲግል በክፈፉ የተሸፈነው ጠርዙ ግን ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ የጋለው ክፍል ለመስፋት ሲገፋም ጠርዙን ይወጥረዋል፣ በቆረጣ ጊዜ ከተፈጠረ ጥቃቅን ጉድለትም ስንጥቅ ሊነሳ ይችላል። በሙቀት የጠነከረው ቴምፐርድ መስታወት ይህን ውጥረት ከተራው መስታወት እጅግ በበለጠ ይቋቋማል። ስለዚህ ከመለጠፍ በፊት የመስታወቱን ዓይነትና የጠርዙን ደኅንነት መመርመር፣ ፊልሙ ለድርብ መስታወት የተፈቀደ መሆኑን ከአምራቹ መመሪያ ማረጋገጥ፣ ከፊሉ ፀሐይ ከፊሉ ጥላ በሚያርፍበት መስኮት ላይም ይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ተስማሚነቱ ካልተረጋገጠ፣ ከመስታወቱ ራቅ ብሎ አየር በሚያዘዋውር ሁኔታ የሚሰቀል፣ በመስታወቱ በኩል ያለው ገጹ ነጭ የሆነ ወፍራም መጋረጃ የተሻለ አማራጭ ነው።