የቆመ ተሽከርካሪ ቀለብ፤ ከጋይንት መንገድ ታሪክ አንጻር

አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲያመሩ፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አስጎትተው በጋይንት ምድር አለፉ። ዐለቱን እየፈለጡ፣ መንገዱን እየጠረጉ በጨጨሆና በዘቢጥ በኩል ተጉዘው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነበር። ሰባት ቶን ያህል እንደሚመዝን የሚነገርለት ይህ መድፍ በቆመ ጊዜ አንዳች አይበላም፤ ጎታቹ ሰውና የጋማ ከብቱ ግን ሲሄዱም ሲቆሙም ስንቅና ቀለብ ይሻሉ። ስለዚህ በዚያ ዘመን የጉዞ ዕቅድ የእርምጃውን ብቻ ሳይሆን የማረፊያውንም ፍጆታ ማስላት ነበረበት።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ከቀረበ በኋላ ይህ ስሌት እየተረሳ ሄደ። በቻይና እርዳታ ተሠርቶ በደርግ ዘመን በተጠናቀቀው የወረታና የወልድያ መንገድ ላይ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሞተሩ ከጠፋ ናፍጣው በሳልባትዮው ውስጥ እንዳለ ያድራል። አንዳንዴ የሚደክመው ባትሪው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በግፊት ይነሣል።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሲያስታውቅ፣ የጥንቱ ስሌት እንደገና ተመለሰ። የኤሌክትሪክ መኪና፣ ከሽቦ ተነጥሎ በቆመም ጊዜ፣ እንደ ጋማ ከብት ይቀለባልና።

የባትሪ ታሪክ ነገሩን ይገልጠዋል። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 እየተሞላ የሚሠራውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ፈለሰፈ። እ.ኤ.አ. በ1991 የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው የሊቲየም አዮን ባትሪ ግን ክብደቱ ቀላል፣ ጉልበቱ ብዙ ከመሆኑም በላይ ከራሱ የሚደክመው በወር ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ የቆመውን መኪና የሚያጎድለው በአብዛኛው ባትሪው ሳይሆን በዙሪያው ነቅቶ የሚያድረው መሣሪያ ነው፤ ይኸውም ተቆጣጣሪው ኮምፒዩተር፣ ከስልክ ጋር የሚያገናኘው ሬዲዮ፣ የጥበቃ ካሜራ፣ እንዲሁም ባትሪውን የሚያሞቀውና የሚያቀዘቅዘው ሥርዓት ነው።

ይህ የመጨረሻው ሥርዓት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ የቀረበው ኒሳን ሊፍ ባትሪውን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዝበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በአሜሪካ አሪዞና በረሃ የሚነዱት ሰዎች የባትሪው አቅም ፈጥኖ መቀነሱን አመለከቱ። ሌሎች ፋብሪካዎች ባትሪውን በፈሳሽ መጠበቅን መረጡ። ዕድሜ የሚጠብቀው መሣሪያ ግን ራሱ ኃይል ይበላል፤ ባለመኪናው ዛሬ ጥቂት ጉልበት ከፍሎ የነገን አቅም ይገዛል ማለት ነው።

የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር መልክዓ ምድር ለዚህ ጉዳይ ከባድ ፈተና ነው። ከወረታ ሜዳ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የጉናን ተራራ ታክኮ ወደ ነፋስ መውጫ የሚዘልቅ መንገደኛ ስሙ ራሱ ብርዱን በሚናገር ከተማ ያድራል። በሲማዳና በእስቴ ወደ ባሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ደግሞ ቆላውን ያገኘዋል። በደጋ ብርድ ያደረ ባትሪ ጠዋት የሚያሳየው ጉድለት ከሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በሌሊት በእርግጥ የተበላ ነው፤ ሌላው ግን በቅዝቃዜ ታስሮ የሚቆይና ባትሪው ሲሞቅ የሚመለስ ነው። ይህን ያልለየ ሹፌር ወይ ያለ ምክንያት ይደነግጣል፣ ወይ በሐሰት ይተማመናል። ከዚህም በላይ ቀዝቃዛ ባትሪ በቁልቁለት ላይ የሚመለሰውን ኃይል በሙሉ ስለማይቀበል፣ በማለዳ ቁልቁለት በኃይል መልሶ ማግኛው ብቻ መተማመን አይገባም።

ከዚህ የሚገኘው ምክር ቀላል ነው። ማታ እንደደረሱ፣ ባትሪው ገና ሞቆ ሳለ መሙላት፣ ውርጭ ነክቶት ካደረ በኋላ ጎሕ ሲቀድ ከመሙላት ይሻላል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘን የሊቲየም ባትሪ መሙላት ይጎዳዋልና። መኪናው ለብዙ ቀን የሚቆም ከሆነ ባትሪውን አፉ ድረስ ሞልቶም ሆነ አሟጦ መተው አይበጅም፤ ካሜራውንና የማያስፈልገውን መሣሪያ ማጥፋት፣ በቆላ ጥላ፣ በደጋ መጠለያ መፈለግ ይገባል። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ከሞተ መኪናው እንደማይነሣም መዘንጋት የለበትም።

ጉዳዩ የአውቶሞቢል ባለቤቶች ብቻ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ኃይል ቢሰጥም፣ የሕዝብ መሙያ ጣቢያዎች በመጀመሪያ የተተከሉት በአብዛኛው በአዲስ አበባ ነው። አንድ ቀን በሽተኛ የሚያመላልስ የኤሌክትሪክ መኪና ሌሊቱን በጋይንት ብርድ ቆሞ ሊነጋ ሲል ቢጠራ፣ ምሽት ላይ የታየው ቁጥር ማለዳ እንዳለ አለመገኘቱ የሰው ሕይወት ጥያቄ ይሆናል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ባለሙያውና የመኪና መካኒኩ በጋራ ሊያሰሉ የሚገባቸው የኪሎሜትሩን ርቀት ብቻ ሳይሆን የሌሊቱንም ርዝመት ነው። የሴባስቶፖልን ጎታቾች የመራ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀው ነበር።