የባሌ በረዶ መቼ ሸሸ?

«ታሪክ ማለት የተጻፈው ነው» በሚለው ላይ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ተከራክረናል! ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ማንም ያልጻፈው፣ ዘመኑ ግን የታወቀ ታሪክ ላካፍላችሁ።

እኛ ልደታ በረዶ የምንለው ክረምት ላይ ቆርቆሮውን ደብድቦ ወዲያው የሚቀልጠውን ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ግን ከዓመት ዓመት የማይቀልጥ፣ በራሱ ክብደት ቁልቁል የሚንሸራተት የበረዶ ግግር ነበር። ሸለቆውን የቦረቦረበት፣ ድንጋዩን ገፍቶ የከመረበት ምልክት ዛሬም ይታያል።

መቼ ሄደ? መልሱ ጭቃ ውስጥ ነው። 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ገርባ ጉራቻ የሚባል ሐይቅ አለ፤ በኦሮምኛ «ጥቁር ሐይቅ» ማለት ነው። ጎድጓዳውን የቆፈረው ግግሩ ነው። በረዶው ሲለቅ ውኃ ገባበት፣ ደለልም ይነጠፍ ጀመር። ስለዚህ የታችኛው ደለል ዕድሜ በረዶው ቦታውን ከለቀቀበት ዘመን ብዙም አይርቅም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመርና ባልደረቦቻቸው 16 ሜትር ገደማ ደለል አውጥተው መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ውጤት የታችኛውን ዕድሜ 16,700 ዓመት ገደማ ይለዋል።

ይህ የሚታወቀው በካርቦን 14 ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ይህን ካርቦን ይወስዳል፤ ሲሞት መውሰዱ ይቆማል፤ ያለውም በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። የቀረውን ለክቶ ዘመኑን ማስላት ነው።

ግን ምስክር ሁሉ ይመረመራል፣ ካርቦንም ቢሆን። አንታርክቲካ ላይም ተመራማሪዎች ከባሕር ወለል ደለል እያወጡ የዚያን ግግር ማፈግፈግ በዚሁ መንገድ ይከታተላሉ። እዚያ ባሕሩ ከጥልቅ የሚወጣ አሮጌ ካርቦን አለበት። ትናንት የሞተ ዛጎል ለበስ እንስሳ ቢለካ ከ1,000 ዓመት በላይ ያረጀ መስሎ ይወጣል! ያ ካልተቀነሰ ታሪኩ ይዛባል። ዜና መዋዕል ስናነብ «ማን ጻፈው? ማን አስጻፈው?» እንደምንለው መሆኑ ነው።

ይሄ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? እዚያው ባሌ ፊንቻ ሀበራ በሚባል የዋሻ መጠለያ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች ይኖሩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሆኗል። ከላይ ግግሩ ተንሰራፍቶ ሳለ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ፣ ከባልጩት መሣሪያ ይሠሩ ነበር። የንጉሣቸውን ስም አናውቅም፤ ንጉሥ ይኑራቸው አይኑራቸውም አናውቅም። «የ3,000 ዓመት ታሪክ» ባልን ቁጥር ግን እነሱን ከቤተሰቡ እያወጣናቸው ነው።

ባሌ ወጥታችሁ የግግሩን ምልክት ያያችሁ ካላችሁ፣ እስቲ ፎቶ ከታች ጣሉልን።