ስፖኪዮውን ማን ይገዛዋል?

በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከላዩ ዕቃ ፈትቶ የሚወስድ ቢኖር እንኳ የሚሸጥለት ሰው አያገኝም ነበር። ዛሬ ግን በር ላይ አቁመን የምናድረው መኪና ስፖኪዮ በአንድ ሌሊት ተነቅሎ ገዢ ያገኛል። እህቶች፣ በዚህ ጽሑፍ ማስታወስ የፈለግነው ይህንኑ ነው፤ የዚህ ስርቆት ታሪክ የሌባው ብቻ ሳይሆን የገዢውም ታሪክ ነው።

ቀድሞ የጠፋ ዕቃ ይፈለግ ከነበረባቸው መንገዶች አንዱ አፈርሳታ ነው። የአካባቢው ሰው ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ሥራው አይመለስም። ንጹሑንም አብሮ የሚያንገላታ ስለነበር የሚናፈቅ ሥርዓት አይደለም። ሌባ ሻይ ደግሞ የባሰ ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ይቆጠር ነበር። ያም ሆኖ አፈርሳታ የቆመበት አሳብ እውነትነት አለው፤ ሰፈር ውስጥ የሚሆነውን ሰፈሩ ያውቃል።

ከተማው ሲሰፋ መኪናውም በዛ። ስፖኪዮ፣ ጎሚስታ፣ ባልስትራ የሚሉትን ቃላት ከጣሊያንኛ ወረስን። አዲስ መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው አይቀመስም፤ ስለዚህ እንደ ሱማሌ ተራ ያሉ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ለብዙ ባለመኪና መድኅን ሆኑ። በሐቅ ሠርቶ የሚያድረው ነጋዴ ብዙ ነው። ግን ከየት እንደመጣ የማይጠየቅ ዕቃም በርካሽነቱ ገዢ አያጣም።

የመስታወቱም ነገር መታወቅ አለበት። የፊቱ መስታወት በሁለት ንብርብር መካከል ስስ ፕላስቲክ ስላለው ቢሰነጠቅም አይረግፍም። የጎኑ ግን ተሳፋሪ እንዳይቆርጥ ተብሎ በአንድ ምት ወደ ጥቃቅን ፍርፋሪ እንዲበተን የተሠራ ነው። ለእኛ ደኅንነት የታሰበው ለሌባም ተመቸው። ወንበር ላይ በተተወ ቦርሳ ውስጥ ደግሞ መታወቂያችን ብቻ ሳይሆን የዕቁብ ገንዘብና የማኅበራችን ደረሰኝ ሊኖር ይችላል፤ የሚጎዳው የብዙ ሴት ቤት ነው።

ሕጉ ገዢውን አልዘነጋም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እሱን የተካው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ዕቃ የሚቀበለውንም ይቀጣሉ።

እንግዲህ በእጃችን ያለውን እናድርግ። ያለ ደረሰኝ መለዋወጫ አንግዛ። የታርጋ ቁጥራችንን በስፖኪዮውና በመስታወቱ ላይ እናስቀርጽ። ከመኪና ስንወርድ ቦርሳችን አብሮን ይውረድ። መኪና የሚጠብቁልንን ልጆች በስም እንወቃቸው፣ ሒሳባቸውንም በወቅቱ እንክፈል። መስታወት ተሰብሮ ካገኘን ምንም ሳንነካ ፎቶ አንስተን ለፖሊስ እናመልክት፤ ለጎረቤትም እንንገር። የአንዷን መኪና የሰበረ፣ ዝም ካልን ነገ ወደ ሌላዋ ይሄዳል፤ የሚገዛው ካጣ ግን ድካሙ ለምን ይሆነዋል?