አዲስ ኢንዛይም ከየት ይመጣል? የዳን ታውፊክ ምርምር

ፓራታዮን የተባለው ጸረ ተባይ ኬሚካል በእርሻ ማሳዎች ላይ በስፋት መረጨት የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት በተፈጥሮ ውስጥ አይታወቅም ነበር። ጥቂት አሥርት ዓመታት እንዳለፉ ግን ይህን መርዝ የሚሰብር ኢንዛይም ያላቸው ባክቴሪያዎች በአፈር ውስጥ ተገኙ። ፎስፎትራይኤስቴሬዝ የሚባለው ይህ ኢንዛይም፣ ከፓራታዮን የሚገኘውን ፓራኦክሶን የሚሰብርበት ፍጥነት ኢንዛይሞች ሊደርሱበት ከሚችሉት ጣሪያ የተጠጋ ነው።

ይህን ያህል የተዋጣለት ኢንዛይም በዚህ አጭር ጊዜ እንዴት ተገኘ? ጥያቄውን በጥልቀት ከመረመሩት አንዱ በእስራኤል፣ ረሆቮት የሚገኘው የዋይዝማን የሳይንስ ተቋም ባልደረባ የነበሩት ፕሮፌሰር ዳን ታውፊክ ናቸው።

ኢንዛይሞች በሕያው ሴል ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካላዊ ለውጦችን ያፋጥናሉ። ለረጅም ጊዜ ግንኙነታቸው በቁልፍና በጓጉንቸር ሲመሰል ኖሯል፤ ለእያንዳንዱ ጓጉንቸር አንድ ቁልፍ። ታውፊክ ያተኮሩት ግን ኢንዛይሞች ከዋና ተግባራቸው ባሻገር በሚያከናውኑት ደካማ የጎን ሥራ ላይ ነው። አካባቢው ሲለወጥ ይህ የጎን ሥራ ለሕልውና ይጠቅማል፤ በትውልዶች ሂደትም እየጠነከረ ዋና ሥራ ይሆናል።

የፎስፎትራይኤስቴሬዝ የቅርብ ዘመዶች ላክቶን የተባሉ ውህዶችን የሚሰብሩ ኢንዛይሞች ሲሆኑ፣ ፓራኦክሶንንም በጥቂቱ ይሰብራሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታውፊክ ቡድን የኢንዛይሙን አንድ ጥምዝ ክፍል በቤተ ሙከራ በመለወጥ፣ በአሮጌውና በአዲሱ ተግባር መካከል የጠፋውን መሸጋገሪያ መልሶ ለመገንባት ሞክሯል።

በሰው ደም ውስጥ የሚገኘው ፓራኦክሶኔዝ 1 የሌላ ቤተሰብ አባል ቢሆንም ታሪኩ ተቀራራቢ ነው። ስሙን ያገኘው ፓራኦክሶንን ስለሚሰብር ነው፤ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት ግን ተፈጥሯዊ ተግባሩ ላክቶንን መሰባበር እንደሆነ አመልክቷል።

ግኝቱ ከቤተ ሙከራ ያለፈ ፋይዳ አለው። የፓራታዮን ዘመዶች የሆኑ ጸረ ተባዮችና የነርቭ ጋዞች የሚገድሉት በአንድ መንገድ፣ የነርቭን ሥራ በማወክ ነው። ቡድኑ የፓራኦክሶኔዝ 1ን የጎን ሥራ ደረጃ በደረጃ በማጎልበት፣ አይጦችን ሳይክሎሳሪን ከተባለ የነርቭ ጋዝ የሚከላከል ኢንዛይም አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ አድርጓል።

ታውፊክ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ምርምራቸው ያስጨበጠው ቁም ነገር ተፈጥሮ አዲስ ነገር ስትሠራ ከባዶ እንደማትነሣ ነው፤ በእጇ ያለውን፣ እዚህ ግባ የማይባለውን ችሎታ አንሥታ ታሳድገዋለች።