የሳንባ ሕሙማን የአካል እንቅስቃሴ በማን ልክ ተሰፋ?



ሲኦፒዲ ተብሎ ስለሚታወቀው፣ የአየር ቧንቧን ስለሚያጠብበው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም የሚነገረው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የመድኃኒት ታሪክ ነው። እኔ ዛሬ የአካል እንቅስቃሴን ታሪክ እከተላለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው የሚሰጠው ምክር ዕረፍት ነበር። በ1952 አልቫን ባራክና ባልደረቦቹ ኦክስጅን እየተሰጣቸው የተንቀሳቀሱ ሕሙማን አቅማቸው እንደሚጎለብት ጻፉ፤ በ1960ዎቹ ቶማስ ፔቲ በዴንቨር ሐሳቡን ወደ ተደራጀ መርሐ ግብር ለወጠው። በዚያ ዘመን ሕመሙ የወንድ አጫሽ ሕመም ተደርጎ ይታይ ነበር።

ሆኖም ልዩነቱ ከሲጋራ ይልቃል። በ1980 ጄር ሚድ ጤነኛ ሳንባዎችን መርምሮ የወንዶች የአየር ቧንቧ ከሴቶች በስፋት 17 በመቶ ያህል እንደሚበልጥ ገመተ። ኋላም በሲቲ ምስል፣ የሳንባ መጠናቸው የተቀራረበ ወንዶችና ሴቶች ተነጻጽረው ልዩነቱ አልጠፋም። በጠባብ ቧንቧ ያንኑ ያህል አየር ለማስገባትና ለማስወጣት የመተንፈሻ ጡንቻዎች የበለጠ መሥራት አለባቸው። ሕመም ሲታከልበት ሴቷ በአነስተኛ ጫና ቀድማ ትንፋሽ ቢያጥራት ነገሩ የሜካኒክስ እንጂ የወኔ ጉዳይ አይደለም።

በ2001 የወጣ ጥናት ለ192 የአሜሪካና የካናዳ ሐኪሞች አንድ ዓይነት የሕመም ታሪክ አቀረበላቸው፤ የተለወጡት የታካሚው ዕድሜና ጾታ ብቻ ነበሩ። ታካሚዋ ሴት ስትሆን ሲኦፒዲን የጠረጠሩት ያነሱ ነበሩ፤ የትንፋሽ ልኬቱ ሲቀርብላቸው ልዩነቱ ጠበበ። ሕመሟ ያልታወቀላትን ሴት ወደ ተሃድሶ የሚልካት የለም። ከዚያ ጥናት አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ2000፣ በአሜሪካ በዚህ ሕመም የሞቱት ሴቶች ቁጥር ከወንዶቹ በልጦ ነበር።

በዚያው በ2001 ፎይና ባልደረቦቹ 140 ሕሙማንን ለ3 ወይም ለ18 ወራት ካሠለጠኑ በኋላ ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። ረጅሙ ሥልጠና ለወንዶቹ የትንፋሽ እጥረትንና ድካምን ይበልጥ አቀለለ፤ ለሴቶቹ ግን ከ3 ወሩ በላይ የጨመረው ጥቂት ነበር። «ለሴት ሦስት ወር ይበቃታል» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። እኔ አልቀበለውም። ጥናቱ ሁለት የጊዜ ርዝመቶችን አነጻጸረ እንጂ ለሴቶች ሌላ ዓይነት ሥልጠና አልሞከረም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በማገዶና በኩበት ጢስ እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ስትባል «በፍጹም» ትላለች፤ ምርመራውም እዚያው ሊቆም ይችላል። ከምድጃ ጢስ ጋር ስንት ዓመት እንደኖረች መጠየቅ ያሻል። አቅሟን የምንለካበት የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ደግሞ በሜዳማ ኮሪደር፣ ባዶ እጅ የሚደረግ ነው። እርሷ ትንፋሽ የሚያጥራት ውኃ አዝላ ዳገት ስትወጣ ነው።