የኪስ ካልኩሌተርና የ2.02 ስሕተት

እ.ኤ.አ. በ1972 ሂውሌት-ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤችፒ-35 የተሰኘውን የኪስ ካልኩሌተር ለገበያ አቀረበ። ስያሜው ከ35ቱ ቁልፎቹ የመጣ ሲሆን ዋጋው 395 ዶላር ነበር። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ዊልያም ሂውሌት መሣሪያው ከሸሚዝ ኪስ እንዲገባ ማዘዛቸው ይነገራል። እስከዚያ ድረስ ሳይንና ሎጋሪዝም የሚፈልግ መሐንዲስ በስላይድ ሩል፣ ተማሪም በሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ይሠራ ነበር።

ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ እንዳለ ወደ መሣሪያው አልተገለበጠም። ጃክ ቮልደር እ.ኤ.አ. በ1959 ካሳተመው ጋር በሚዛመድ ዘዴ፣ ጥቂት ቋሚ ቁጥሮችን ብቻ ይዞ፣ አሃዞችን ወደ ጎን እያዛወረ በመደመርና በመቀነስ ውጤቱን ያወጣል። በውጭ አገር መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚባለው፣ አንዱን ቁጥር እያጋመሱ ሌላውን እጥፍ የማድረግ ስልትም በዚህ ረገድ ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም ከባዱን ስሌት ወደ መደመር ያወርዱታል።

ለመምህር ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የመሣሪያው ጉድለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ምርቶች የ2.02ን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም አውጥተው ወደ መነሻው ቁጥር ሲመልሱት 2 ብቻ ይመጣ ነበር። ልዩነቱ አንድ በመቶ እንኳ ስለማይሞላ በግምት አይያዝም፤ የሚያጋልጠው ወደ መነሻው መመለስ ነው። ይህንንም በቱም ያለ ተማሪ ሠንጠረዥና አንቲሎጋሪዝም ይዞ ሊያደርገው ይችላል። ስሕተቱ በታወቀ ጊዜ 25,000 ያህል መሣሪያዎች ተሸጠው ስለነበር ኩባንያው ለገዢዎቹ ጉድለቱን አስታውቆ ለመለወጥ ተስማማ።